ዋጋ፣ መለኪያና መስተንግዶ፦ ገዢ አንዱን ሱቅ ከሌላው ለምን ያስበልጣል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ መሠረት አፈርና ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ብዙ ጠቃሚ ንግግሮች ሲደረጉ ኖረዋል። እኔ ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ግን ስለ ሱቅ ነው። መሐንዲስን ከቸርቻሪ ጋር ምን አገናኘው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ሊያድር ይችላል። መልሱ ሩቅ አይደለም። የወጪ ግምት አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በአገራችን አንድ መኖሪያ ቤት ሲሠራ ከእጅ ዋጋ ይልቅ የዕቃ ዋጋ ያመዝናል። ዕቃውም የሚገዛው ከሱቅ ነው። እኛ በንድፍ ወረቀት ላይ በሚሊሜትር ስንጠነቀቅ ያዳንነው ገንዘብ በሱቅ ባንኮኒ ላይ በአንድ ቃል ሊባክን ይችላል። የሚባክነውም የእኛ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቦ አንዲት ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን ተከፍተው አንድ ዓይነት ዕቃ ሲሸጡ፣ ገዢው አንደኛውን ትቶ ወደ ሌላው የሚገባው ለምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ነገሩ በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል፤ እነርሱም የዋጋ ግልጽነት፣ የመለኪያ ትክክለኛነትና የመስተንግዶ ሁኔታ ናቸው። እነዚህን በየተራ ከተመለከትን በኋላ በመጨረሻ ወደ ራሳችን ወደ ባለሙያዎቹ ኃላፊነት እንመለሳለን።

1. የዋጋ ክርክርና ቁርጥ ዋጋ

ስለ ዋጋ ክርክር ስንናገር ለወቀሳ መቸኮል አይገባንም። ክርክር በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ዋጋ በማይታወቅበት ቦታ ዋጋን ፈልጎ ማግኛ ጥንታዊ ዘዴ ነው። ገዢው «ስንት ነው?» ይላል፤ ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ገዢው ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። አንዳንዴም ሻጩ «አንተ ጥራው» ብሎ ሸክሙን በገዢው ላይ ይጥላል። በዚህ መመላለስ ውስጥ ሁለቱም የማያውቁትን ነገር ያውቃሉ። ሻጩ የገዢውን አቅምና ችኮላ ይመዝናል፤ ገዢውም የሻጩን የመጨረሻ ዋጋ ይፈትሻል።

ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ ሁለት ዕዳዎች አሉበት። አንደኛው ጊዜ ነው። አንድ ኪሎ ምስማር ለመግዛት ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ የሃምሳ ዓይነት ዕቃ ዝርዝር ይዞ ገበያ ለወጣ ሰው ምን ያህል ቀን እንደሚያስፈልገው ማስላት አያዳግትም። ሁለተኛውና የከፋው ግን ዋጋው በዕቃው ላይ መሆኑ ቀርቶ በሰውየው ፊት ላይ መሆኑ ነው። ንግግሩ የአገር ቤት የሆነ፣ ልብሱ የጸዳ፣ ከውጭ አገር የተመለሰ፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ለአንዱ ዕቃ ሌላ ሌላ ዋጋ ይጠራለታል። ብዙ ጊዜም አብልጦ የሚከፍለው ባለጸጋው አይደለም፤ ገበያውን የማያውቀው ነው።

ቁርጥ ዋጋ እንዴት እንደመጣ ታሪኩን ብናይ ጠቃሚ ትምህርት እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1673 በጃፓን፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ፣ ሚትሱይ ታካቶሺ የተባለ ነጋዴ ኤቺጎያ የተሰኘ የጨርቅ መደብር ከፈተ። የመደብሩ ደንብ ሽያጭ በእጅ በእጅ ገንዘብ፣ ዋጋውም ለሁሉም እኩል እንዲሆን የሚል ነበር። በፓሪስ አሪስቲድ ቡሲኮ እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ ቦን ማርሼ የተባለውን መደብር በቁርጥ ዋጋና ያልወደዱትን ዕቃ በመመለስ መብት አስፋፋ። በፊላደልፊያ ጆን ዋናሜከር እ.ኤ.አ. በ1876 በአሮጌ የባቡር ጣቢያ ውስጥ በከፈተው ታላቅ መደብር ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት በዕቃው ላይ የመለጠፍን ልማድ አስለመደ። እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ በሜምፊስ ከተማ ክላረንስ ሳውንደርስ ፒግሊ ዊግሊ በተባለው ሱቁ ገዢው ራሱ ከመደርደሪያ አንሥቶ እንዲከፍል ያደረገው፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋው ስለ ተጻፈ ነው።

እነዚህ ነጋዴዎች ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ምክንያቱ የሥራ አደረጃጀት ነው። ባለሱቁ ራሱ ሲሸጥ ተከራክሮ መሸጥ ይችላል፤ ትርፉና ኪሳራው የራሱ ነውና። ሃምሳ ሠራተኛ ቀጥሮ ግን ለሃምሳዎቹ የመከራከር ሥልጣን ሊሰጥ አይችልም፤ አንዱ አብዝቶ ይቀንሳል፣ ሌላው ደንበኛ ያባርራል፣ ሦስተኛው ልዩነቱን በኪሱ ያስገባል። ስለሆነም ቁርጥ ዋጋ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሱቁንም የሚጠብቅ፣ ትንሹን ሱቅ ወደ ትልቅ መደብር የሚያሸጋግር መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። የሚያድግ ነጋዴ ሁሉ ውሎ አድሮ ከዚህ ነጥብ መድረሱ አይቀርም።

2. ዋጋ ፍለጋ ራሱ ዋጋ አለው

ጆርጅ ስቲግለር የተባሉት አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ከተማ ውስጥ በተለያየ ዋጋ የሚሸጠው ገዢው ዋጋ ለመፈለግ ጊዜና ገንዘብ ማውጣት ስላለበት መሆኑን አስረዱ። ሐሳቡን በአንድ ቀላል ስሌት እንመልከተው።

የአንድ ዕቃ ዋጋ በከተማው ሱቆች ከ900 እስከ 1,000 ብር ድረስ በእኩል ተበትኗል እንበል። ያለ ምርጫ ወደ አንድ ሱቅ የገባ ሰው በአማካይ 950 ብር ይከፍላል። ሁለት ሱቅ ጠይቆ ዝቅተኛውን የመረጠ 933 ብር፣ ሦስት የጠየቀ 925 ብር፣ አራት የጠየቀ 920 ብር፣ አምስት የጠየቀ 917 ብር ያህል ይከፍላል። እንግዲህ ሁለተኛው ሱቅ 17 ብር አተረፈ፤ ሦስተኛው 8 ብር፤ አራተኛው 5 ብር፤ አምስተኛው 3 ብር ብቻ። አራተኛውን ሱቅ ለመጠየቅ የታክሲ ሒሳብ ከ5 ብር በላይ ከሆነና የሚገዛው አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ ገዢው በሦስተኛው ላይ ቢያቆም ብልህ ነው እንጂ ሰነፍ አይደለም። የሚገዛው አንድ ሺህ ዕቃ ከሆነ ግን አራተኛውንም አምስተኛውንም መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንረዳለን። የመጀመሪያው፣ ዋጋውን በግልጽ የጻፈ ሱቅ ለገዢው የፍለጋውን ድካም ይቀንስለታል። ይህም ቅናሽ ከማድረግ የማይተናነስ ጥቅም ነው። ሁለተኛው ደግሞ መርካቶ ለምን በየተራው እንደ ተከፋፈለ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ዛሬው ቦታ ከተዛወረ ወዲህ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራና ሌሎችም አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡትን በአንድ ቦታ ሰብስበው ይገኛሉ። ነጋዴ ከተወዳዳሪው አጠገብ ሱቅ መክፈቱ ላይ ላዩን ሲያዩት እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ገዢው በአንድ ጉዞ አሥር ሱቅ ለመጠየቅ ስለሚችል ወደዚያ ይጎርፋል፤ ገዢው ወዳለበትም ሻጩ ይሄዳል። አባቶቻችን የዋጋ ዝርዝር ሳይለጥፉ የፍለጋውን ወጪ በእግር ርቀት ቀንሰውታል ማለት ነው።

በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሱቆች ዕቃቸውን በቴሌግራም ገጽ ያስተዋውቃሉ። ፎቶግራፉ አለ፣ የስልክ ቁጥሩ አለ፤ ዋጋው ግን «በውስጥ መስመር» ይባላል። ቴክኖሎጂው አዲስ ቢሆንም ልማዱ ያው «አንተ ጥራው» ነው። ሻጩ ዋጋውን የሚደብቀው ተወዳዳሪው እንዳያይበት ይሆናል፤ ገዢው ግን የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው፤ ዋጋው ለእኔ የተለየ ሊሆን ነው ብሎ ይጠረጥራል። ብዙው ሰውም ሳይጠይቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሻጩ ያጣውን ደንበኛ አላየውምና ማጣቱን እንኳ አያውቅም።

3. መለኪያ የሌለው ዋጋ

አሁን ወደ ሙያችን የቀረበ ነገር ላንሣ። ዋጋ ማለት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የቁጥርና የመለኪያ ጥንድ ነው። «ሁለት ሺህ ብር» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ለምን ያህል ነው የሚለው ካልተከተለው።

ፌሮ ብረትን ለምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ ግራም፣ የዲያሜትሩ ሚሊሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የሚገኘው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ስሌት 12 ሚሊሜትር የሆነ፣ ርዝመቱም 12 ሜትር የሆነ አንድ በርጋ ፌሮ 10.67 ኪሎ ግራም ይመዝናል። «12» ተብሎ የሚሸጠው ፌሮ እውነተኛ ዲያሜትሩ 11.4 ሚሊሜትር ቢሆን ክብደቱ 9.63 ኪሎ ግራም ይሆናል። ዲያሜትሩ የቀነሰው በ5 በመቶ ነው፤ ብረቱ የቀነሰው ግን ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። በአንድ መቶ በርጋ ላይ ከአንድ ኩንታል በላይ ብረት ጎደለ ማለት ነው።

አሁን ሁለት ሱቆች አሉ እንበል። አንደኛው ሙሉውን ብረት ይሸጣል። ሁለተኛው ቀጭኑን ብረት በበርጋ 5 በመቶ አርክሶ ይሸጣል። ገዢው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ነገር ግን በኪሎ ሲሰላ ርካሽ የተባለው ብረት 5 በመቶ ያህል ተወድዶ ተሸጧል። ከገንዘቡም በላይ አምዱ ንድፉ ያዘዘውን ብረት አላገኘም። ሐቀኛው ነጋዴ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ደንበኛ አጣ።

ይህን ጉዳይ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሮጌ መኪናዎች ገበያ ምሳሌነት ተንትነውታል፤ በ2001ም ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ገዢው መልካሙን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ፣ ለሁለቱም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈቅዳል፤ በዚያ ዋጋ መልካሙን መሸጥ ስለማያዋጣ መልካሙ ከገበያ ይወጣል፤ መጥፎው ብቻ ይቀራል። ግርግር ለሌባ ይመቻል የሚለው የአባቶች አነጋገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

አሸዋም እንዲሁ ነው። በቢያጆ የተገዛ አሸዋ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ካልተለካ ዋጋው አይታወቅም። ከዚህም በላይ በመጠኑ የረጠበ አሸዋ ውኃው ቅንጣቶቹን ስለሚያራርቃቸው ያብጣል፤ ደቃቅ አሸዋ ሲሆን እብጠቱ ከ20 እስከ 30 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ገዢው አሸዋ የገዛ መስሎት አየር ይገዛል። የመኪናው ካሶን በሜትር ተለክቶ፣ ዋጋውም በሜትር ኩብ ቢጻፍ ኖሮ ከክርክሩ ብዙው ባላስፈለገ ነበር።

4. በመጨረሻ የሚጨመር ዋጋ

ሌላው የግልጽነት ጉድለት ዋጋው በከፊል ሲነገር ነው። ገዢው ዋጋ ተስማምቶ፣ ዕቃው ተቆጥሮ፣ ገንዘብ ሊከፍል ሲል «ይህ ያለ ቫት ነው» ይባላል። በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የተጨማሪ እሴት ታክስ መጠኑ 15 በመቶ መሆኑን ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ። ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አልተነገረም? ገዢው ሌሎቹን ሱቆች ትቶ፣ ጊዜውን ጨርሶ፣ ልቡን ከወሰነ በኋላ ተመልሶ መሄድ ስለሚከብደው ነው። ቀጥሎም «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቀድሞ ባልነው እንጨርስ» የሚለው ምርጫ ይቀርብለታል። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ዕቃው ቢበላሽ መግዛቱን የሚያስረዳበት ማስረጃ የለውም። 15 በመቶውን አተረፍኩ ሲል ክርክር የሚያቀርብበትን መብት ሸጧል። የጫኝና አውራጅ፣ የማጓጓዣና የማስቆረጫ ሒሳብም እንዲሁ በየምዕራፉ ብቅ ይላል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ስተብሃብ በተባለው የትርዒት መግቢያ ቲኬት መሸጫ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ለገሚሱ ገዢ ሙሉው ዋጋ ከመጀመሪያው ታየው፤ ለቀሪው የአገልግሎት ክፍያው የተገለጸው በመጨረሻ ብቻ ነበር። ክፍያው የተደበቀባቸው ገዢዎች 20 በመቶ ያህል የበለጠ ገንዘብ አወጡ። እንግዲህ መደበቅ ያዋጣል ማለት ነው። እውነቱን መሸሽ አይገባም፤ ለጊዜው ያዋጣል። ስለሚያዋጣም ነው በነጋዴው መልካም ፈቃድ ብቻ የማይተወው። በዚያው አገር ከግንቦት ወር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትርዒት ቲኬትና የአጭር ጊዜ ማረፊያ ዋጋ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ሁሉ አጠቃሎ እንዲነገር የሚያዝ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል።

በእኛም አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያመለክት፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ደንግጓል። ይኸው አዋጅ ሸማቹ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ለመግዛት እንደማይገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድም እንደሚገባው ይገልጻል። ብዙዎቻችን ይህን አዋጅ የምናውቀው በስሙ ነው እንጂ በይዘቱ አይደለም። መልካም አቀባበል በሕግ የተጻፈ የሸማች መብት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

5. ግልጽነት ገደብ አለውን?

የተከበራችሁ ጉባኤተኞች፣

እስካሁን የተናገርኩት ግልጽነት ሁልጊዜ ገዢ ይስባል፣ ዋጋም ይቀንሳል የሚል ስሜት አሳድሮ እንደሆነ ማረም ይገባኛል። ይህን የሚቃወሙ ሁለት ታሪኮች አሉ።

የመጀመሪያው የጄሲ ፔኒ ነው። ይህ ትልቅ የአሜሪካ የመደብሮች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲሱ ሥራ አስኪያጁ በሮን ጆንሰን መሪነት፣ ከፍ አድርጎ ጽፎ በኩፖን የመቀነስን ልማድ ትቶ፣ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ቁርጥ ዋጋ መጻፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት ሽያጩ በ25 በመቶ ያህል ወደቀ፤ ሥራ አስኪያጁም በሚቀጥለው ዓመት ተሰናበተ። ገዢው ለዓመታት «ከዚህ ወደዚህ ተቀነሰ» የሚለውን እያየ ማትረፉን ይለካበት ነበር። ያ መለኪያ ሲነሣበት፣ ዝቅተኛውን ዋጋ ዝቅተኛ ነው ብሎ የሚያምንበት ምክንያት አጣ። ከዚህ የምንማረው፣ በክርክር የኖረ ገበያ በአንድ ጀምበር ወደ ቁርጥ ዋጋ እንደማይዞር ነው። በእኛም ከተማ ቁርጥ ዋጋ የጻፈ ሱቅ ውስጥ ገብቶ «የመጨረሻው ስንት ነው?» የማይል ገዢ ጥቂት ነው። ሻጩ አንድ ጊዜ ለአንዱ ከቀነሰ ደግሞ የተጻፈው ዋጋ የክርክሩ መነሻ ይሆናል እንጂ ቁርጥ መሆኑ ያበቃል።

ሁለተኛው ታሪክ የኮንክሪት ነው፤ ስለዚህም ይበልጥ ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ1993 የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን በሦስት አካባቢዎች የተዘጋጀ ኮንክሪት የሚሸጡ ድርጅቶች ከደንበኞቻቸው ጋር በእርግጥ የተዋዋሉበትን ዋጋ ሰብስቦ በየጊዜው ማሳተም ጀመረ። ዓላማው ገዢዎች ዋጋ እንዲያወዳድሩ ነበር። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ። ምክንያቱ ምን ነበር? ቀድሞ አንዱ ሻጭ በምሥጢር ለትልቅ ደንበኛ ቅናሽ ያደርግ ነበር። ዋጋው ሲታተም ግን ቅናሹን ተወዳዳሪዎቹ ወዲያው ያያሉ፤ እነርሱም ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ መቀነስ ትርጉም አጣ። ሻጮቹ ጥቂት ስለነበሩ እርስ በርስ መጠባበቅ ቀላል ሆነላቸው።

በአንጻሩ በሕንድ አገር በኬራላ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 የእጅ ስልክ ሲገባ፣ ዓሣ አጥማጆች ገና ባሕር ላይ ሳሉ የየወደቡን ዋጋ መጠየቅ ቻሉ፤ በየወደቡ የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ፤ ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረውም ዓሣ ቀረ። በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ የዕለቱን ዋጋ በይፋ ማሳወቅ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሻጮች ብዙ ሲሆኑና ዋጋው ለተራው ገዢ በጊዜው ሲደርሰው ግልጽነት ይጠቅማል። ሻጮች ጥቂት ሲሆኑና ዋጋውን በይበልጥ የሚያነቡት እነርሱው ሲሆኑ ግን ሊጎዳ ይችላል። ሥራ ተቋራጮች ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ ሕትመት ሐሳብ ስናቀርብ ይህን መለየት ይኖርብናል።

6. ከፍትፍቱ ፊቱ

ስለ መስተንግዶ ስናነሣ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው አነጋገር ሁሉን ያጠቃልለዋል። ሆኖም በሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት መስተንግዶ አለ፤ ሁለቱን መለየት ይገባል።

አንደኛው ማለዘቢያ የሆነው ነው። ወንበር ይቀርባል፣ ቡና ይታዘዛል፣ «ቤተሰብ» ይባላል፤ ዋጋው ግን ከጎረቤት ሱቅ ከፍ ያለ ነው። ቡናውን የጠጣ ሰው ተነሥቶ ሌላ ሱቅ ለመጠየቅ ያፍራል። ይህ መስተንግዶ ግልጽነትን ይተካል እንጂ አይደግፍም።

ሁለተኛው ዕውቀት የሆነው ነው። በአንድ ወቅት ለአንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ የቧንቧ ዕቃ ስናፈላልግ፣ ከባለቤቱ ጋር የገባንበት ሱቅ ሠራተኛ የተጠየቀውን የፒቪሲ ቧንቧ ከማውረዱ በፊት «ለቀዝቃዛ ነው ለሙቅ?» ብሎ ጠየቀ። ለሙቅ መሆኑን ባለቤቱ ሲነግረው፣ ይህ በሙቅ ውኃ እንደሚለሰልስ፣ ለሙቅ መስመር ፒፒአር እንደሚያስፈልግ አስረዳው፤ ፒፒአሩም በዚያን ቀን በሱቁ ስላልነበረ ከሁለት ሱቅ በኋላ ያለውን ጎረቤት አመለከተው። ያ ሠራተኛ በዚያች ሰዓት አንድ ሽያጭ አጣ። ባለቤቱ ግን የኤሌክትሪክና የንጽሕና ዕቃውን ሁሉ ከዚያ ሱቅ ገዛ፤ ዋጋውንም ከሌላ ጋር ለማስተያየት አልደከመም።

ነገሩን በስሌት ካየነው ምሥጢር የለውም። ገዢው የዕቃውን ጥራት በዐይኑ መለየት ሲያቅተው ሻጩን ይመዝናል። ሻጩ በራሱ ጥቅም ላይ አንድ ጊዜ እውነት ከተናገረ፣ በሌላውም ጊዜ እውነት ይናገራል ብሎ መገመት ሚዛናዊ ፍርድ ነው። ዕቃ መልሶ የመቀበል ደንብም እንዲሁ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ለገዢው የሚነግረው ሻጩ ራሱ በዕቃው እንደማይተማመን ነው። የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ የሚቀይር ሱቅ ግን የአንዱን ማብሪያ ዋጋ ከፍሎ የብዙ ዓመት ደንበኛ ይገዛል። የተጻፈ ዋጋ ደንበኛውን ያስገባዋል፤ መልሶ የሚያመጣው ግን መስተንግዶው ነው።

7. የእኛ ድርሻ

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልመለስ። ብዙ ሥራዎች ሲገዙ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። በላይ ባየነው ስሌት መሠረት ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ከ950 ወደ 925 ያወርዳል። ይህ የሚሆነው ግን ሦስቱ ዋጋዎች ከሦስት የማይተዋወቁ እጆች ሲመጡ ነው። ሦስቱም ፕሮፎርማዎች በአንድ ሱቅ ባንኮኒ ላይ በሦስት ማኅተም ተሞልተው ሲመጡ ፍለጋ አልተደረገም፤ ወረቀት ብቻ ተባዛ። በዋጋው ውስጥ ለዕቃ ገዢው ሠራተኛ ወይም ለባለሙያው የሚተርፍ «ኮሚሽን» ከተካተተማ የምንነጋገረው ስለ ቸርቻሪው ግልጽነት ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው። ነጋዴው ዋጋ አይለጥፍም ብለን የምንወቅሰው እኛ፣ ለባለቤቱ የምናቀርበው ዋጋ ውስጥ የተሸሸገ ነገር ካለ፣ ወቀሳችን ክብደት የለውም። ያም ኮሚሽን የሚከፈለው ከነጋዴው ኪስ አይደለም፤ ከቤት ሠሪው ኪስ ነው።

ስለሆነም ለባልደረቦቼ የሚከተሉትን አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በምናዘጋጀው የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ዋጋ የሚጠየቅበትን መለኪያ እኛው እንጻፍ፤ ፌሮ በኪሎ፣ አሸዋና ጠጠር በሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶ በኩንታልና በዓይነቱ ይጠየቅ። መለኪያው አንድ ካልሆነ ዋጋ አይወዳደርም።

ሁለተኛ፣ የምንጠይቀው ዋጋ ሁሉ ታክሱንና እስከ ሥራው ቦታ ያለውን ማጓጓዣ ያጠቃለለ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም የሚገልጽ ይሁን። በተለይ የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ቀነ ገደብ የሌለው ዋጋ ዋጋ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛ፣ ዕቃ ሲረከቡ መመዘንና መለካት ልማድ ይሁን። ካሊፐርና ሚዛን ውድ መሣሪያዎች አይደሉም። አንድ በርጋ ፌሮ መዝኖ ለመቀበል አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አራተኛ፣ ዋጋውን የሚለጥፍ፣ ሚዛኑን የሚያሳይ፣ ደረሰኝ ሳይለመን የሚሰጥና የተበላሸ ዕቃ የሚቀይር ነጋዴ ስናገኝ በግልጽ እንመስክርለት፤ ሥራም እንስጠው። ሐቀኛ ነጋዴ ከገበያ የሚወጣው ሌላው ስላጭበረበረ ብቻ አይደለም፤ ሐቀኝነቱን አይቶ የሚለይለት ገዢ ሲያጣም ነው። ያን መለየት የሚችል ገዢ ደግሞ በአገራችን ከመሐንዲስ የቀረበ ማን አለ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ንድፍ ስንፈርም አምዱ በ12 ሚሊሜትር ብረት ይቆማል ብለን ለባለቤቱ ቃል እንገባለን። ቃሉ የሚፈጸመው በሒሳብ ወረቀታችን ላይ ሳይሆን በሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው። ስለዚህ በዋጋው፣ በመለኪያውና በመስተንግዶው ላይ የምናደርገው ክትትል ከሙያችን ውጭ የሆነ ትርፍ ሥራ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም፤ ፊርማችን የሚጠይቀን ግዴታ ነው።